ለጋሽ እሺ ማን ያውራለት?

ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። መንገዱ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ እሺ» እያለ ነው። ለምንም ነገር መልሱ ያቺው አንዲት ቃል ናት። ጫማው ለዓርብ ይድረስልኝ ሲሉት እሺ ይላል። ዓርብ መጥተው ለምን አልደረሰም ብለው ሲቆጡትም እሺ ይላል። አንዲት ደንበኛ ትዕግሥቷ አልቆ «እሺ ማለቱን ይተዉና ጫማዬን ይስጡኝ!» ብትለው፣ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አላት ይባላል።

ንቀትም ስንፍናም ኖሮበት አይደለም። የሰው ፊት ሲያይ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት በልጅነቱ ሰምቶ፣ ሰምቶም አምኖ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳትወልምበት ብሎ ምላሱን ከቦታዋ ሳያነቃንቃት ኖረ። እግር ቢሆን ሌላ ነው። ስለ እግር ከጠየቁት ይናገራል፤ ግን ስለ እግር የሚጠይቀው ሰው የለም።

ሥራው ጫማ በልክ መሥራት ነው። የሱቅ ጫማ ለማይመቻቸው ሰዎች ይሠራል። አንዱ እግራቸው ከሌላው ለሚሰፋ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር አጥንት ለወጣባቸው፣ በሕመም ላበጠባቸው። እነዚህ ሰዎች በየጫማ ቤቱ «የእርስዎ ቁጥር የለንም» መባል የሰለቻቸው ናቸው። እሱ ጋ ሲመጡ በትልቅ ወረቀት ላይ ያቆማቸውና በእርሳስ የእግራቸውን ዙሪያ ይሥላል። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ልኩን እየጻፈ፣ ጉብታውንና ስርጉዱን በጣቱ እየዳሰሰ ምልክት ያደርጋል። ጣቶቹ ከማስቲሽና ከክር ብዛት የደደሩ ናቸው፤ የታመመ እግር ላይ ሲያርፉ ግን ደንበኛው መነካቱን እንኳ አያውቅም።

ሱቁ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ አጠገብ የተሰቀለ ጫማ ማያ መስታወትና አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለው። የኋለኛው መሥሪያ ቤት ነው። ጫማ የሚወጠርባቸው የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፣ ቆዳው ተጠቅልሎ ቆሟል፣ በመስኮቱ ሥር ሴት ልጁ የምትሰፋበት ማሽን አለ።

ባለ መደገፊያው ወንበር የሚስቱ ነበር። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ተቀምጣ ሰው ተቀበለች። ገና እግራቸውን ከመግቢያው ሲያነሱ «ግቡ ግቡ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ እዚህ ቤት እግሩ የማያምር ሰው ብቻ ነው የሚገባው!» ትላለች፤ ያፈረው ሰው ሳይወድ ይስቃል። ስለ ባሏ ሲጠይቋት ደግሞ «አፍ ያለው ያግባሽ ሲሉኝ እኔ እጅ ያለውን አገባሁ። አፉስ እኔ ጋ ይበቃል» ትል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በአጭር ሕመም አረፈች። ወንበሩን ማንም አልተቀመጠበትም፤ ማንም እንዳይቀመጥ ያለ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወዲያው አልጠፋም። እንደ ሻማ እያደር አነሰ። በፊት በወር አሥራ ሁለት ጥንድ ይሠሩ ነበር፤ ስምንት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ባለፈው ወር ሁለት። ልጁ ሥራ ስታጣ ማሽኑን ትፈታለች፣ ዘይት ትቀባለች፣ መልሳ ትገጥማለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ አፉን ከአባቷ እጁን ወስዳለች። የከተማው ትልቅ የጫማ ፋብሪካ የስፌት ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥራት ጠይቋት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብሏታል።

«አባባ፣» አለችው አንድ ቀን ማሽኑን ለሦስተኛ ጊዜ እየገጠመች፣ «እኔ መሄድ አልፈልግም። ግን ሰው በማይገባበት ቤት ዘይት እየቀባሁ ልኑር?»

«እሺ።»

«እሺ ምን?»

ሂጂ ማለቱ ይሁን ቆዪ ማለቱ እሱም አላወቀውም። እሷ ከሄደች ሱቁን እንደሚዘጋው ግን ያውቃል። የላይኛውን ቆዳ እንደ እሷ የሚሰፋ የለም፤ የእሱ ዐይን ደግሞ ከእንግዲህ ቀጭን ስፌት አያይም።

«አንድ ነገር ሳንሞክር አልሄድም» አለች። «የማርኬቲንግ ኤጀንሲ እንጠይቅ።»

*

የኤጀንሲዋ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት እንደምትመጣ በተነገረው ጊዜ ጋሽ እሺ ሸሚዙን ቀየረ። ልጁ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይዛ አስጠነቀቀችው።

«አባባ፣ አደራ። ምንም ብትልህ እሺ እንዳትል። ‹አስብበታለሁ› በል።»

«እሺ።»

«ይኸው! ገና ሳትመጣ!»

የመጣችው ወጣት ላፕቶፗን በጉያዋ ይዛ፣ ከተቀመጠች በኋላ እንኳ ማስታወሻዋን ለማውጣት ፈቃድ የጠየቀች ትሑት ልጅ ነበረች። አግዳሚው ላይ ነው የተቀመጠችው። ድርጅቷ ቪዲዮ እንደሚሠራ፣ በየስልኩ እንደሚያሠራጭ፣ በወር ቢያንስ ሁለት መቶ ጠያቂ እንደሚያመጣ አስረዳች።

ጋሽ እሺ ሁለት መቶ ሰው በዚያች በር ሲገባ ታየው። ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠይቀዋል። ላብ ጀመረው።

«በመጀመሪያ ግን አንዳንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጋሼ» አለች። «ደንበኛዎ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህን ያውቀዋል። «ቀኝ እግሩ ከግራው የሚሰፋ፣» አለ፣ «አብዛኛው።»

«ማለቴ... ዕድሜው፣ ሥራው፣ የሚኖርበት ቦታ?»

ወደ ልጁ ተመለከተ። «እሱን እናቷ ናት የምታውቀው።»

«እሺ። እስከ ዛሬ ሰዎች እንዴት አድርገው ነበር የሚያገኙዎት?»

«ይመጣሉ።»

«ከየት ሰምተው?»

ጋሽ እሺ አሰበ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሩ ይከፈታል፣ አንድ እግር ወረቀት ላይ ይቆማል። ያ እግር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው፣ ለምን ይህን ሱቅ እንደመረጠ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ የማይጠይቅ ገበሬ ሆኖ ነበር የኖረው።

«አላውቅም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አፈረ።

ወጣቷ አላፈረችበትም። «አንድ ጊዜ ያሠሩ ሰዎችስ ይመለሳሉ?»

«ይመለሱ ነበር» አለች ልጁ በአባቷ ፈንታ። «በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ነው የቀሩት።»

ወጣቷ ብዕሯን አቆመች። «በወር ስንት ጥንድ መሥራት ትችላላችሁ?»

«አሥራ ሁለት» አለ ጋሽ እሺ። «ቢበዛ አሥራ አራት።»

«እና ሁለት መቶ ሰው ቢጠይቅ ማን ይመልስላቸዋል?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ሁለቱም ሳያስቡት ዐይናቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዞሩ።

«የድሮ ደንበኞቻችሁን ስልክ እስቲ ፈልጉ» አለች ወጣቷ ተነሥታ። «ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ እንወስናለን፤ ይስማማዎታል?»

የጋሽ እሺ ከንፈር ለ«እ» ተዘጋጀ። ልጁ ከኋላ ጎሸመችው።

«አስ... አስብበታለሁ» አለ። ልጁ በኩራት ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

*

ከጎን ያለው ሱቅ የሰዓት ሠሪው ነው። ነገሩን ገና በሩቁ ሸትቶት፣ በምሳ ሰዓት ማጉሊያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ከተፍ አለ።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አንተ ግን ዝም ብለህ ሱቁን አስነቀዝከው» አለ፣ አግዳሚው ላይ ዘርፈጥ ብሎ። «መጡልህ አሉ የማስታወቂያ ሰዎች?»

«አንተ ጋም መጥተው ነበር አይደል፣ ጋሼ?» አለች ልጁ። «እንዴት ሆነልህ?»

«ተይኝ እባክሽ! ታዋቂ ሆንኩ። ሰዓት ስፈታ ቀረጹኝ፤ ሠላሳ ሺህ ሰው አየኝ። ሠላሳ ሺህ! አጎቴ እንኳ ከሩቅ አገር ደውሎ ‹ሸብተሃል› አለኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ።»

«ጥሩ ነው። ግን ሁሉም በስልኩ ነው ያየኝ። ስልኩ ላይ ደግሞ ሰዓት አለው! ምን ቆርጦት ወደ እኔ ይመጣል?» ራሱ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ገታ። «ልጆቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። ሥራቸውን በደንብ ሠሩ። እኔ ነኝ ምን እንደጎደለኝ ሳላውቅ ሙሉልኝ ያልኳቸው።»

ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ባዶው ወንበር አየና፣ «የአንተ ምን እንደሆነ ግን መንገዱ ሁሉ ያውቃል፣ ወንድሜ» ብሎ ወጣ።

*

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ስልኮቹን ፍለጋ ገቡ። የእናት ስልክ ከሞተ ቆይቷል፤ ቁጥሩም ተዘግቷል። መሳቢያዎቹን ከፈቱ፤ ቁልፍ፣ መርፌ፣ የደረቀ ቀለም። ደብተር የለም።

«ደብተር አልነበራትም» አለች ልጁ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ። «ግን ትጽፍ ነበር። ሰዎቹ ጫማቸውን መልሰው ሲያደርጉ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትጽፍ ዐይቻታለሁ። ምን ላይ ነበር የምትጽፈው?»

ጋሽ እሺ ደንገጥ አለ። የእግሩን ሥዕል ሲጨርስ ለእሷ ይሰጣት ነበር። እሷ ናት መደርደሪያው ላይ የምታስቀምጠው። ለምን እሷ እንደምታስቀምጠው ግን አልጠየቀም።

ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን ወረቀት ሳበ። ከፊቱ አንድ ጥንድ እግር በእርሳስ ተሥሏል። ገለበጠው።

ጀርባው በእሷ ጽሕፈት ተሞልቷል። ከላይ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ፦

«አውቶቡስ ነጂ። ከሰዓት በፊት አያነሳም። ወሬው አያልቅም፤ ድስት ጥደሽ አትደውዪለት።»

ሌላ ገለበጠ። «ጡረታ የወጡ መምህር። ጆሯቸው አይሰማም፣ ጮኽ በዪ። ጫማው አምሮብዎታል በያቸው፤ ይወዳሉ።»

ሌላ። «ሙሽራ። እግሬን ሰው ያየዋል ብላ ስትጨነቅ ነበር። ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራላት፤ አልነገራትም። እኔ ነገርኳት። ሠርጓ ካለፈ በኋላ ደውለሽ ጨፈረች ወይ ብለሽ ጠይቂ።»

ልጁ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ትደውልላቸው ነበር» አለች። «አባባ፣ ለሁሉም ትደውልላቸው ነበር። ማታ ማታ ‹ጓደኞቼ› እያለች የምታወራው... እነዚህ ናቸው።»

ጋሽ እሺ «ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራላት» የሚለውን እያነበበ ነበር። ማንም ያየው አልመሰለውም ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ የላይኞቹን መደርደሪያዎች አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

ከቀብሯ በኋላ ባሉት ሳምንታት እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነበር። ወረቀቶቹ እያረጁ፣ ጠርዛቸው እየተበላ ስለነበር፣ ለብዙ ዘመን ይቆዩ ብሎ በካርቶን ላይ ለጠፋቸው። አንድ በአንድ፣ ከላይ ጀምሮ፣ እየተጠነቀቀ፣ አየር እንዳይገባ በመዳፉ እየደለደለ። ጀርባቸውን አላየም፤ እግሩ ያለው ከፊት ነዋ። ከሦስት መቶ በላይ ነበሩ። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ካርቶን አልቆበት ነው የተወው።

አንዱን ከላይ አወረደና በቢላ ጠርዙን ነካ ነካ አደረገ። ማስቲሹ የራሱ ነበር፤ ሶል ከቆዳ ጋር ክረምትን ችሎ እንዲኖር የሚይዘው። ወረቀቱ ተቀደደ። ከሥሩ የቀረው ቁራጭ ላይ «...ወንድሟን አስታር...» የሚል ብቻ ተነበበ፤ የቀረው ከካርቶኑ ጋር አንድ ሆኗል።

ቢላውን አስቀመጠ። «ለጠፍኳት» አለ በቀስታ።

«አባባ...»

«በገዛ እጄ ለጠፍኳት።»

ልጁ ቀረበችና ትከሻው ላይ ተደገፈች። ኋላ የታችኛውን መደርደሪያ ቆጠረች፤ ሠላሳ ስድስት ሰው ነበር የቀረው።

*

ሐሙስ ዕለት የኤጀንሲዋ ልጅ ሠላሳ ስድስቱን ወረቀት አንድ በአንድ ገልብጣ አነበበች። ሙሽራዋ ላይ ስትደርስ መሐረብ አወጣች። ከዚያ ሥራዋ ትዝ ሲላት ላፕቶፗን ከፈተች።

«ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት እንልካለን» አለች። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» ጻፈችና አዞረችለት። «ውድ ደንበኛችን፣ እግርዎ ናፍቆናል! እስከ ወሩ መጨረሻ ለሚመጡ ልዩ ቅናሽ አድርገናል» ይላል።

ልጁ አነበበችው። «ደስ ይላል» አለች፣ ዐይኗ ግን አባቷ ላይ ነበር።

ጋሽ እሺ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«አይሆንም» አለ።

ልጁ አባቷ ይህን ቃል ሲናገር የሰማችበትን ጊዜ አስታውሳ ማግኘት አቃታት።

«የምን... የቱ ጋ ነው ያልተመችዎት፣ ጋሼ? ማስተካከል እንችላለን።»

«እነዚህ ሰዎች፣» አለና ቆመ። ጀመረ፣ ቆመ። እጁ ፎርማ ፍለጋ ሄዶ አንዱን ያዘ፤ እንጨቱን ሲጨብጥ ቃሉ መጣለት። «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ቤት የሚጠብቁት የእሷን ድምፅ ነው። መሞቷን ማን ነገራቸው? ማንም። መሞቷን ለማያውቅ ወዳጇ፣ ከእሷ ቤት ከአንገት በላይ የሆነ ነገር አይላክም። ቅናሽ አይላክም። እኔ... ነውር ይመስለኛል።»

ወጣቷ ስክሪኑን ቀስ አድርጋ ከደነችው።

«እውነት ነው» አለች ልጁ። «እኔ እደውላለሁ። ሠላሳ ስድስት ምን አለው? በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ።»

«አንቺ አትችይም።»

«ለምን አልችልም?»

«ድምፅሽ የእሷ ነው፣ ልጄ» አለ። «ስልክ ላይ ስትሆኚማ ጭራሽ አይለይም። እኔ ራሴ ከሱቅ ደውለሽ ‹አባባ› ስትዪኝ ክው እላለሁ። ሰውየው አንሥቶ እሷ ናት ብሎ ደስ ሊለው ነው። ከዚያ ሞታለች ትዪዋለሽ?»

ልጁ አንገቷን ደፋች።

ወጣቷ የላፕቶፗን ቦርሳ ዘጋች። «ጋሼ፣ አለቃዬ ቢሰማኝ ጉዴ ነው፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት። የእኛ ድርጅት ለዚህ ቤት አይሆንም፤ ዛሬ አይሆንም። እኛ የምናመጣው የማያውቅዎትን ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ የጠፋብዎት የሚያውቅዎት ሰው ነው። ሁለት መቶ እንግዳ ባመጣልዎት፣ በሩ ላይ የሚቀበለው አጥቶ ይመለሳል፤ የከፈሉኝም ከንቱ ይቀራል። መጀመሪያ እነዚህን ይጥሩ። ከስድስት ወር በኋላ የሚሠሩት ካጡ ይደውሉልኝ፤ ያኔ በትንሹ እንጀምራለን።»

«ማን ነው የሚጠራቸው?» አለ ጋሽ እሺ።

ሁለቱ ሴቶች አዩት።

*

ወጣቷ ከሄደች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል የማያስፈልግ ቆዳ ሲፍቅ ቆየ። ከዚያ እጁን ታጠበ። ከወረቀቶቹ አንዱን መረጠ፦ «መዝገብ ቤት ትሠራለች። ደረጃ ትወጣለች። ብርድ ሲገባ ግራው ያብጣል፤ ያኔ ደውዪላት። የእህቷን ልጅ ታሳድጋለች፤ ፈተናውን አለፈ ወይ ብለሽ ጠይቂ።» ብርዱ ከገባ ሳምንት ሆኖታል።

በባለ መደገፊያው ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ከጎኑ ቆሞ ደወለ። ልጁ ማሽኗ ላይ ሆና የምትሰፋ ለመምሰል ቆዳ ታገላብጣለች።

«ሃሎ?» አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ ማኅተም ወረቀት ሲመታ ይሰማል።

ጋሽ እሺ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«ሃሎ! ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ስሙን ቢነግራት አታውቀውም። ቅጽል ስሙን ለመናገር ደግሞ አፈረ። ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ሊዘጋው ነበር። ያኔ ወረቀቱን ገለበጠና እግሯን አየው።

«ግራ እግርዎ ከቀኙ በግማሽ ጣት ይሰፋል» አለ። «ሁለተኛዋ ጣትዎ ከአውራ ጣትዎ ትረዝማለች። ተረከዝዎ ጠባብ ነው፤ የሱቅ ጫማ ከኋላ የሚወልቅብዎት ለዚህ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ አንዲት አጥንት ወጣ ብላለች። እሷን እንዳይፈገፍጋት ስስ የበግ ቆዳ አድርጌበት ነበር። ደረጃ ስለሚወጡ ሶሉን ከፊት አለስልሼዋለሁ። እስካሁን ግን ሳይሳሳ አይቀርም...»

እየተናገረ መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው። ከወዲያ በኩል ማኅተሙ ቆሟል።

«ውይ በሞትኩት! ጫማ ሠሪዬ!» አለች ሴትየዋ። «እርስዎ ይናገራሉ እንዴ?»

«አልፎ አልፎ።»

ሳቀች። «እሷስ? ምነው ዛሬ እርስዎ ደወሉ?»

ይህን ነበር የፈራው። በእጁ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«አረፈች» አለ። «ሁለት ዓመቷ ነው።»

የወንበር መንቀሳቀስ፣ ከዚያ የበር መዘጋት ተሰማ፤ ከሰው ፊት ርቃ ነው መሰለው።

«ሁለት ዓመት...» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ። «እኔኮ ተቀይሜያት ነበር። በየክረምቱ ስትደውል ኖራ ድንገት ዝም ስትል፣ አሃ፣ ሌላ ደንበኛ በዝቶላት ረሳችኝ ብዬ... ኩርፊያ ነው እኮ ያስቀረኝ። በእሷ አኩርፌ ነው ጫማ ሳላሠራ በሚቆረቁረኝ የምሄደው። እናቴን!»

ጋሽ እሺ ወረቀቱን ደግሞ ገለበጠ።

«አልረሳችዎትም» አለ። «ጽፋለች። የእህቷ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ ብለሽ ጠይቂ ትላለች።»

«አለፈ» አለች ሴትየዋ እያለቀሰች። «አለፈ በሏት።»

«እሷም ደስ ይላታል» አለ። ያለው ነገር ልክ ይሁን አይሁን አላወቀም፤ የአፍ ወለምታ ይሁን አይሁንም አላሰበም። «ግራ እግርዎስ? ያብጣል?»

«ያብጣል እንጂ።»

«ቅዳሜ ይምጡ። ልኩን እንደ አዲስ እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ሲዘጋ ሳያስበው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ የምትሰፋ መምሰሏን ትታ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች ነበር።

ሠላሳ ስድስቱን ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። በቀን ሦስት፣ ሲበዛ አራት። አንዳንዱ ቁጥር ተቀይሯል፤ አንዳንዱ አይነሳም። መምህሩ አልሰማ ብለውት «ሞተች» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ መጮህ ነበረበት፤ አራተኛው ላይ ሰዓት ሠሪው ከጎን መጥቶ ምንም ሳይናገር አጠገቡ ቆመ። አውቶቡስ ነጂው በመጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ እሷ ትወደው የነበረውን ቀልድ ልንገርህ ብሎ ነገረውና ጋሽ እሺን ብቻውን በስልክ አሳቀው። ሙሽራዋ ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ በሠርጓ ቀን እስኪደክማት ጨፍራለች። የበኩር ልጇ እግር እንደ እሷው ስለሆነ ይዛው ትመጣለች። ያኮረፈችው ደግሞ የመዝገብ ቤቷ ሴት ብቻ አልነበረችም፤ ቢያንስ ዘጠኙ በልባቸው ይዘውባት ኖረዋል። እያንዳንዱ ሲነግረው በካርቶን የታሸጉትን ሦስት መቶዎቹን ቀና ብሎ ያያል። ለእነሱ የሚያደርገው የለም። በሩ ክፍት ነው፤ ከሰው ሰምተው ከመጡ ይመጣሉ።

በወሩ መጨረሻ አሥራ አራት ሰው ተለክቷል። ገና አሥራ አራት ነው፤ የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ይህን አባትም ልጅም ያውቃሉ።

በመጨረሻው ቀን ልጁ ማሽኗን አቁማ ዞረች።

«አባባ፣ ፋብሪካው ዛሬ መልስ ይጠብቃል። ምን ልበላቸው?»

ጋሽ እሺ ፎርማ ላይ ቆዳ እየወጠረ ነበር። አላያትም። ፋብሪካው የበለጠ እንደሚከፍላት ያውቃል፤ ወጣት ናት፤ ዓለሟ አባቷ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ እናቷ ብትኖር «ልጅቷን አትያዛት» ትለው ይሆናል፣ ወይም አትለውም። ይህን ሁሉ አሰበና ቆዳውን ለቀቀው።

«እንደ ወደድሽ ብልሽ ውሸቴን ነው» አለ። «እንድትቆዪልኝ እፈልጋለሁ። ለማሽኑ ብዬ አይደለም። አንቺ ከሌለሽ እዚህ ቤት ጠዋት መግባት አልችልም። ቆዪልኝ።»

ልጁ ክሯን አነሣች፣ መርፌው ቀዳዳ ላይ አነጣጠረች፣ ሳትከተው ቀረች።

«ማሽኑ ጮኾብኝ አልሰማሁህም» አለች። «እስቲ ድገመው።»

ማሽኑ ከቆመ ቆይቷል። አባትየው ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ደገመላት።